ስድስት ጥንድ ጫማ

ከምድር ቤት የልብስ ሰፊው መቀስ የደረጃውን ብረት ሦስት ጊዜ መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ኮማንደር እስክሪብቶዋን ጥላ ብድግ አለች። አያቷ ከአልጋው ጠርዝ ተነስተው ከዘራቸውን ያዙ። ገና አራት ዓመት ያልሞላት የአክስቷ ልጅ ድምቡሼ፣ ማንም ሳይነግራት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለችና የአያቷን እጅ ጨበጠች። ከጠዋት እስከ ማታ አፉ የማይዘጋው የኮማንደር የዘጠኝ ዓመት ወንድም ለፍላፊው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ታች አዳመጠና በእጁ «ሂዱ» ብሎ ምልክት ሰጠ። ሽማግሌውና ሕፃኗ በባዶ እግራቸው አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወጥተው ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት ተሰወሩ።

የቀረው የኮማንደር ሥራ ነው። በበሩ ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች ሦስቱ ጥንድ ጆንያ ውስጥ ገቡ። ሦስት የጥርስ ብሩሽ ከኩባያው ወጣ። የአክስቷ የዳቦ ቤት ሽርጥ ከሚስማሩ ወረደ፤ የአያቷ ፍራሽ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ተገፋ፤ የድምቡሼ ፖፖ ከመጋረጃው ጀርባ ሄደ። ጆንያው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተወሽቆ ባልዲ ተደፋበት። ከዚያ ኮማንደር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ጨዋ ተማሪ ሆነች። አርባ ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም።

«ኮማንደር፣ ግዳጁ ተፈጽሟል» አለ ለፍላፊው በሹክሹክታ። ኮማንደር የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ይመስላል። ግን የኪራይ ጣጣ እንጂ እብደት አልነበረም። እናታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ይህቺን አንድ ክፍል ስትከራይ ሦስት ነበሩ፤ እሷ፣ ኮማንደርና ለፍላፊው። አከራይዋ ቁልፉን ስትሰጥ ጣቷን ቀስራ፣ ለሦስት ሰው ነው ያከራየሁት፣ አራተኛ ራስ ያየሁ ቀን ዕቃችሁን ደረጃው ላይ ታገኙታላችሁ ብላ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የአያታቸው ሰፈር ለመንገድ ሥራ ፈረሰ። መቼም አባት ሜዳ ላይ አይጣል፣ ከዘራቸውንና አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። ቀጥሎ አክስታቸው ከባሏ ተለያይታ ድምቡሼን አዝላ መጣች፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው አለች። ያቺ ሁለት ሳምንት ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።

ሌላ ቤት ሳይፈለግ ቀርቶ አይደለም። እናታቸው በዚህ ከተማ ያልረገጠችው ሰፈር፣ ያልደወለችለት ደላላ የለም። ወይ ዋጋው አይቀመስም፣ ወይ «ስንት ናችሁ?» ይሏትና መልሱን ሲሰሙ ቤቱ ድንገት የተያዘ ይሆናል።

አከራይዋ የምትኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ ግን ቆጣሪ ላንብብ፣ ቧንቧ ልይ እያለች ባልታሰበ ቀን ከተፍ ትላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን የምትወጣው ቀስ ብላ ነው፤ የያዘችው የቁልፍ ጥቅልም ከሩቅ ይንሿሿል። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ፣ እሱም ተከራይ ስለሆነ ችግሩ ይገባዋል፣ አከራይዋ ወይም የማያውቀው ሰው ሲገባ ባየ ቁጥር በመቀሱ የደረጃውን ብረት ይመታል። ያቺ ሦስት ምት ቤተሰቡን ሁለት ዓመት አቆይታዋለች።

የዛሬው እግር ግን ፈጠን ያለ ነበር። ቁልፍም አልተንሿሿም። በሩ ተንኳኳና ኮማንደር ስትከፍት፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ወፍራም ፋይል ያቀፈች ሴት ቆማለች። ከቤቶች ቢሮ ነው የመጣሁት፣ አጣሪ ነኝ አለች።

ኮማንደር በልቧ «ይቺን ተንኮል እናውቃታለን» አለች። ባለፈው ዓመት አከራይዋ የእህቷን ልጅ ልካ ነበር፤ ከውሃ ክፍል ነኝ ብላ ገብታ፣ አልጋ ሥር ሁሉ ስታይ ቆይታ ወጣች። ያኔ ለጥቂት ነው የተረፉት። ይቺም መታወቂያ አንጠልጥላ መጣች ማለት ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚሸወድ ሰው እዚህ ቤት የለም!

«እናትሽ የለችም?»

«ሥራ ናት።»

ሴትየዋ ክፍሏን በዓይኗ ዞረቻት። አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ በከለር የተሞነጫጨረውን አየች። ፋይሏን ገልጣ እስክሪብቶ አወጣች።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?»

«ሦስት» አለች ኮማንደር ዓይኗን በጨው አጥባ። «እማዬ፣ እኔና ወንድሜ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሌላ እዚህ የሚያድር ሰው የለም?»

«የለም።»

በዚህ መሃል ከላይ፣ ከሰገነቱ በኩል፣ የታፈነች ሳል ተሰማች። አንዲት ብቻ። ሴትየዋ ቀና አለች። ለፍላፊው ግን «ጎረቤት ናቸው» አለና የተሞነጫጨረውን ግድግዳ እያሳየ «ይሄን ደግሞ እኔ ነኝ የሣልኩት» ብሎ ጨመረበት። ሴትየዋ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው። ጽፋ ጨረሰች፣ ኮማንደርን አስፈረመች፣ አንዱን ቅጂ ገንጥላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«አሪፍ ነው! ኧረ ኮማንደርዬ፣ አንቺ እኮ አትቻይም» ብሎ ለፍላፊው እየዘለለ ሊጠራቸው ወደ ላይ ሮጠ።

ኮማንደር ፈገግ እንዳለች ወረቀቱን አነሳች። ከላይ ማኅተም ነበረበት። ክብ፣ ሰማያዊ፣ እናቷ በላስቲክ ጠቅልላ ፍራሽ ሥር የምታስቀምጠው ደረሰኝ ላይ ያለው ያው ማኅተም። ከሥሩ የእናቷ ስምና የማመልከቻ ቁጥሯ። ከዚያ በታች እንዲህ ይላል፤ በማመልከቻው የተገለጸ የቤተሰብ ብዛት፣ ስድስት። በአካል የተረጋገጠ፣ ሦስት። መረጃው ትክክል ባለመሆኑ ፋይሉ ይዘጋል። ቅሬታ ያለው አመልካች እስከ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ማቅረብ ይችላል።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ወረቀቱን ደግማ አነበበችው፤ ያው ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እናቷ ያንን ማመልከቻ ያስገባችው ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። ከተማው ለትልልቅ ቤተሰብ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እያዘጋጀ፣ ተከራዩ ከገቢው ሲሶውን ብቻ እንዲከፍል፣ የቀረውን በድጎማ ሊሸፍን ነው ተብሎ ሲወራ፣ ሌሊት ወጥታ ተሰልፋ ተመዘገበች። አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ ብቻ ነው። አንድ ቀን መጥተው ያጣራሉ ብላ ነግራቸዋለች፤ ግን ሳይደውሉ አይመጡም ብላ ነበር። ማንም አልደወለም። ኮማንደርም፣ አሥራ አራት ወር የተጠበቀችውን ሴት፣ በገዛ አፏ አሰናበተቻት።

አያቷ ደረጃውን በከዘራ እየተመረኮዙ ወርደው ገቡ። ሲውጡት የቆዩት ሳል ፊታቸውን አቅልቶታል። ማን ነበረች ብለው ጠየቋት።

«የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት፣ አባባ» አለች ኮማንደር። ወረቀቱ የሒሳብ ደብተሯ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ለፍላፊው ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኗን ሲያይ ዘጋው።

ማታ እናቷ ልብስ አጣቢ ከሆነችበት ሆቴል ስትመለስ፣ እንደ ሁልጊዜው ጣቶቿ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ተጨማደው፣ እንደ ሁልጊዜው ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የደወለ አለ ብላ ጠየቀች። ማንም የለም ተባለች። ይደውላሉ፣ የሚያጣሩበት ወር ነው፣ ጎረቤት ብሎክ ደርሰዋል አሉ፣ አለችና ተቀመጠች። ዳቦና ሻይ ቀረበ። እንደተለመደው ስለ አዲሱ ቤት ወሬ ተጀመረ። አክስቷ የምትፈልገው ሰፊ መስኮት ነው፤ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ወጥታ ንፋስ የምታገኝበት። ለፍላፊው እንደ ልቡ የሚጮህበት ክፍል ይፈልጋል። ድምቡሼ ሰገነት የሌለበት ቤት አለች፤ እዚያ ላይ ፀሐይ ያቃጥላታል።

«እርስዎስ፣ አባዬ?» አለች እናቷ።

«እኔማ» አሉ አያቷ «የምስልበት ቤት ይበቃኛል። ደህና አድርጌ፣ ከሆዴ።»

ሁሉም ሳቁ። ኮማንደር የጀመረችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ልትናገር ከአፏ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን እናቷ እንዲያ እየሳቀች፣ እንዴት ብላ? ነገ እናገራለሁ አለች ለራሷ። ነገ፣ መላ ካገኘሁ በኋላ። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቤቶች ቢሮ ሄደች። የሚጠበቅበት አዳራሽ ጢም ብሏል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ የተራ ቁጥር የያዘ ወረቀት እንደ ነፍስ ተጨብጧል። አንዲት እርጉዝ ሴት ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣች መቁጠር ትቻለሁ እያለች ለጎረቤቷ ትነግራለች። የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ ቤት፣ ቤት፣ ቤት። ኮማንደር ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ስትገባ የትናንቷ ሴት ከፋይል ክምር ጀርባ ተቀምጣለች።

«አስታወስኩሽ» አለች አጣሪዋ። «አራተኛ ፎቅ። ሦስት።»

«ዋሽቼ ነው» አለች ኮማንደር። ቃሉ እንደዚህ ቶሎ ይወጣል ብላ አላሰበችም። «ስድስት ነን። አያቴና የአክስቴ ልጅ ሰገነት ላይ ነበሩ። አክስቴ ሥራ ነበረች። አከራይዋ የላከችዎት መስሎኝ ነው። ለዚያ ነው የደበቅኳቸው… ይኸው፣ ስድስት ብለው ያስተካክሉት። ፋይሉን አይዝጉብን። እማዬ ምንም አታውቅም።»

አጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። የደከማት ሴት ናት፤ ክፉ ግን አትመስልም።

«ሳሉን ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች። «ሕፃን የሞነጫጨረውንም ግድግዳ አይቻለሁ። ግን ሳል የምጽፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም፣ የእኔ ልጅ። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ሰው ነው። በየቀኑ ሰው ከጎረቤት ልጅ ተውሶ ያስቆጥረኛል። ሰው ደብቆ አለማስቆጠር ግን የእናንተ የመጀመሪያ ነው።»

ኮማንደር አንገቷን ደፋች። አጣሪዋ የቀን መቁጠሪያዋን አየች። ነገ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ ሰፈር እንደምታልፍ፣ እናቷ ቤት ካለችና በፊቷ ቅሬታውን ከፈረመች፣ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ከታዩ እንደምታስተካክለው ነገረቻት። አንድ ሰው ቢጎድል ግን ብዕሯን አታነሳም።

«ቤቱስ መቼ ይሰጠናል?»

«ሁለት ወር። ሦስት ወር። ቃል አልገባልሽም።»

ኮማንደር ያንን መልስ እስከ ቤት ድረስ ይዛው ሄደች። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። አከራይዋ ነገ ብታያቸውስ? ሁለትና ሦስት ወር የት ይታደራል? ምድር ቤት ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ አላት። ደህና ነኝ ብላ አለፈችው።

ማታ ሁሉም በተሰበሰቡበት ወረቀቱን ከሒሳብ ደብተሯ አውጥታ እናቷ ፊት አስቀመጠችው። አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ለፍላፊው «ጎረቤት ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። አክስቷ ብድግ ብላ በመስኮቱ በኩል ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች።

እናቷ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችው። የተጨማደዱት ጣቶቿ እንደገና ዘረጉት።

«ውሸቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «በእሱ አልቆጣሽም። ግን ወረቀቱን… ትናንት እዚህ ተቀምጬ ስስቅ፣ አንቺ ወረቀቱን ይዘሽ ዝም አልሽኝ?»

ኮማንደር ብትመታ ይሻላት ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አያቷ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አቆሙ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ።

«ስሙኝማ» አሉ። «በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ትርፍ ሰው ጭኜ አላውቅም። አሁን ትርፉ እኔ ነኝ። እኔ ብወርድ አምስት ትሆናላችሁ፤ አምስትም ቢሆን ቤቱ ይሰጣል ተብሏል። የድሮ ረዳቴ ጋራዥ ዘበኛ ነው፣ አንድ ጥግ አያጣልኝም።»

«አባዬ!» አለች አክስቷ ከመስኮቱ ዞራ።

«ምን አባዬ አባዬ ትይኛለሽ? እውነቴን ነው።»

«ማንም አይወርድም» አለች እናቷ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ስድስት ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ስድስት እንሆናለን አለች። ነገ ከሥራ ትቀራለች፤ አክስቷም ከዳቦ ቤቱ ቶሎ ትመለሳለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ስለ አከራይዋ ሲነሳ፣ ባለፈው ሳምንት መጥታለች፣ በአንድ ወር ሁለቴ እንጂ በየሳምንቱ አትመጣም ብላ ነገሩን ዘጋችው። እርግጠኛ ግን አትመስልም ነበር። ለፍላፊው ልብስ ሰፊው ጋ ተልኮ፣ ፋይል ለያዘችው ሴት እንዳይመታ ነገረው።

ሐሙስ ጠዋት ስድስቱም ቁጭ አሉ። ክፍሏ ስድስት ሰው በቀን ብርሃን ይዛ አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንዱ ሥራ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ሰገነት ነው። አሁን ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ኮማንደር አንድ ነገር አየችና በራሷ ተገረመች፤ ጠዋት ሳታስበው ሦስቱን ጥንድ ጫማ ጆንያ ውስጥ ከታቸዋለች። እጇ ለምዶት።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ድምቡሼ ሰለቻትና የእናቷን ጭን ተንተርሳ ተኛች። አያቷ ሳላቸው ሲመጣ ጨርቅ አፋቸው ላይ ይይዛሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የኮማንደር እናት ስልኳን ለመቶኛ ጊዜ አየች። ለፍላፊው ጥፍሩን ይበላል።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሁሉም ደነገጡ። ልብስ ሰፊው ተነግሮታል፤ ለፋይሏ ሴት አይመታም። ስለዚህ የመጣው ሌላ ሰው ነው። ለፍላፊው በሩን ገርበብ አደረገና ወደ ታች አዳመጠ። ሲዞር ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቁልፍ ነው» አለ።

ኮማንደር ወደ መስኮቱ ሮጠች። ከታች መንገዱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ከቆሙት መኪናዎች መሃል፣ አጣሪዋ ፋይሏን አቅፋ መንገድ ለማቋረጥ ግራና ቀኝ ታያለች። አከራይዋ ደረጃው ላይ፣ አጣሪዋ መንገዱ ላይ። ከተደበቁ አጣሪዋ ዳግም ሦስት ሰው ታገኛለች፣ ፋይሉም ለዘላለም ይዘጋል። ካልተደበቁ አከራይዋ ስድስት ራስ ታያለች።

ዞር ስትል ሁሉም ተነስተዋል። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም፤ የሁለት ዓመት ልማድ ነው ያስነሳቸው። አያቷ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ጋ ደርሰዋል። አክስቷ ከእንቅልፏ የባነነችውን ድምቡሼን ታቅፋለች፤ ሕፃኗ ዓይኗ ሳይከፈት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ለፍላፊው ፍራሹን መጠቅለል ጀምሯል። እናቷ ብቻ ከመሃል ቆማለች። «ውጡ» ለማለትም «ተቀመጡ» ለማለትም አፏ አልታዘዝ ብሏት፣ ኮማንደርን ታያለች። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ይህ ጨዋታ የእሷ ነበር፤ ሁልጊዜም እሷ ናት የምትመራው።

ቁልፎቹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍ አሉ። አከራይዋ ጉልበቷን እያሳረፈች ነው። ከዚያ እንደገና መንሿሿት ጀመሩ።

ኮማንደር የድምቡሼን ጣት አየች። ከንፈሯ ላይ የተለጠፈችውን ያቺን ትንሽ ጣት። ገና በደንብ መናገር ሳትችል ዝም ማለት የተማረችው ከማን ነው? ከእሷ ነው። አርባ ሰከንድ ውስጥ የሰው ልጅ ከቤቱ እንዴት እንደሚጠፋ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ያኔም ኩራት ይሰማት ነበር።

ጎንበስ ብላ ባልዲውን አነሳችና ጆንያውን ጎተተችው። በአያቷ አጠገብ አልፋ በሩን ከፈተች። ደረጃው አፍ ላይ ተንበርክካ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። የአያቷን ሰፊ የሹፌር ጫማ። የአክስቷን ዱቄት ያልለቀቀው ሸራ። የድምቡሼን፣ ግራና ቀኙ የማይታወቅ ትንሽ ሰንደል። ከዚያ የእናቷን፣ የለፍላፊውን፣ የራሷን። በግድግዳው ጥግ አሰልፋ ደረደረቻቸው።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አያቷ በሹክሹክታ።

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለች ኮማንደር። ሹክ አላለችም። «ሳልዎን አይዋጡ።»

ሽማግሌው አይዋት። ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። እናቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ቀስ ብላ አወረደችውና ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። ተቀመጡ። አክስቷም ድምቡሼን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለፍላፊው የጠቀለለውን ፍራሽ ፈታ።

የመጀመሪያው ሳል ሲመጣ አያቷ ጨርቁን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ከዚያ ጣሉት። ሳሉ። ደህና አድርገው፣ ከሆዳቸው፣ ደረጃው ሁሉ እስኪያስተጋባ ድረስ ሳሉ።

ቁልፎቹ ድንገት ዝም አሉ። ከዚያ ፍጥነት ጨመሩ። አከራይዋ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው ጉልበቷን ደግፋ፣ እያለከለከች የመጨረሻውን ደረጃ ወጣች። ዓይኗ ግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። ከጫማ ወደ ጫማ እየተሻገረ ሲቆጥር ኮማንደር አየችው። ትንሿ ሰንደል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከታች፣ ከምድር ቤቱ፣ የሌላ ሴት ፈጣን እግር ደረጃውን ጀመረ።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?» አለች አከራይዋ።

ኮማንደር ከጫማዎቹ አጠገብ ተነስታ ቆመችና፣ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ስድስት ነን፣ እትዬ» አለች።